ጭቃ፣ ቁልቁለትና ሊብሬ፦ ከጅማ የደረሱን የመኪና ጥያቄዎች

ክረምቱ ከወጣ ወዲህ ለዚህ አምድ ከተላኩት ጥያቄዎች መካከል የሚበዙት ከጅማና ከአካባቢዋ የመጡ በመሆናቸው የዛሬውን አምድ ሙሉ በሙሉ ለእነሱ ሰጥተነዋል። ጅማ ዝናብ የሚበዛባት፣ ከከተማው ሲወጡ ዳገትና ቁልቁለት የማይጠፋባት በመሆኗ ለሌላ ከተማ አሽከርካሪ የሚሰጥ ምክር እዚህ ሲደርስ ብዙ ጊዜ መስተካከል ያስፈልገዋል። ጥያቄዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ የጠያቂዎቹንም ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፣ ከሂርማታ፦ «አንድ ደላላ የ2003 ሞዴል ቶዮታ ቪትዝ አሳይቶኛል። ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ወንበሩ አዲስ ልብስ ለብሷል፣ ሞተሩም ታጥቦ ንጹሕ ሆኗል። ዋጋው ከገበያው ትንሽ ዝቅ ያለ ስለሆነ ‹ዛሬ ቀብድ ካልሰጠህ ሌላ ሰው ይወስደዋል› እየተባልኩ ነው። መካኒክ አይደለሁም፤ በራሴ ዓይን ምን ማየት እችላለሁ?»

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ቀብድ አይስጡ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ራሱ ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ሰው ካፈረሰ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። «ለመያዣ ያህል ነው» ተብሎ የሚሰጥ ገንዘብ መኪናውን በደንብ ሳያዩ እጅዎን ያስርብዎታል። ሌላ ገዢ ቀድሞ ቢወስደው እርስዎ የሚያጡት ነገር የለም፤ ቪትዝ በየገበያው አለ።

አዲስ ቀለም በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ነገር ግን በሽያጭ ዋዜማ የተቀባ መኪና ምን እንደተሸፈነበት መጠየቅ የገዢ መብት ነው። በእኛ አካባቢ የመኪና ላሜራ መበላት የሚጀምረው ከታች ነው። ቀዩ ጭቃ በፓራፋንጎው (ጎማውን በሚከልለው ላሜራ) ውስጥና ከበሮቹ ሥር ይጋገራል፤ ውጭው ደርቆ ሲታይ ውስጡ ገና እርጥብ ስለሆነ ብረቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ይዝጋል፤ ዝገቱ ለዓይን የሚታየው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ መኪናውን ዝናብ በሌለበት ጠዋት፣ በደረቅ ቦታ ያስቁሙትና የእያንዳንዱን በር የታችኛ ጠርዝ በጣትዎ ይዳስሱ። በመስታወቱ ጎን የሚሰርገው የዝናብ ውኃ የሚወጣባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች እዚያ አሉ። ቀዳዳዎቹ በጭቃ ወይም በአዲሱ ቀለም ተደፍነው ካገኟቸው፣ ወይም ጠርዙ በጣት ሲጫኑት የሚሰነጠቅ እብጠት ካለው፣ በሩ ውስጥ ውኃ ሲጠራቀም ኖሯል ብለው ይጠርጥሩ። ከዚያም የኋላውን የዕቃ መጫኛ ምንጣፍ አንሥተው ስኮርታው (ትርፍ ጎማው) የሚቀመጥበትን ጎድጓዳ ቦታ ይመልከቱ፤ ለሽያጭ የሚያስውቡ ሰዎች እዚያ ድረስ እምብዛም አይደርሱም። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው በፓራፋንጎዎቹና በበሮቹ ሥር ቢያንቀሳቅሱት፣ ሳይዝ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ከቀለሙ በታች ወፍራም ስቱኮ (የተጎዳ ላሜራ የሚሞላበት ልስን) አለ።

ስለ ቪትዝ በተለይ ልንነግርዎ የሚገባ ነገር አለ። በዚያ ዘመን ለጃፓን ገበያ የተሠሩት ቪትዞች መሪያቸው በቀኝ ስለነበረ ወደ አገራችን የገቡት ብዙዎቹ መሪያቸው ወደ ግራ ተዛውሮ ነው። ዝውውሩ በጥንቃቄ ከተሠራ መኪናው ለዓመታት ያገለግላል፤ በችኮላ ከተሠራ ግን በመሪውና በፍሬኑ ላይ የሚመጣው ችግር የሕይወት ጉዳይ ነው። በስልክዎ መብራት ከዳሽቦርዱ ሥር ገብተው ሽቦዎቹ በፕላስተር ብቻ የተቀጣጠሉ መሆን አለመሆናቸውን፣ የፍሬን ፔዳሉ የታሰረበት ብረትም ብየዳው ንጹሕ መሆኑን ይመልከቱ። ማታ ደግሞ መኪናውን ከግድግዳ ፊት አቁመው አጭሩን መብራት ያብሩ። የጃፓን መኪና በመንገዱ ግራ እንዲሄድ ስለተሠራ መብራቱ በግራ በኩል ከፍ ብሎ ይወጣል፤ እኛ በቀኝ ስለምንነዳ ያ መብራት ፊት ለፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ያጠፋል። ግድግዳው ላይ ብርሃኑ በግራ በኩል ሽቅብ ከወጣ፣ መሪው ሲዛወር መብራቱ ተረስቷል ማለት ነው፤ መብራቱን የረሳ ሠራተኛ ሌላም ነገር ረስቶ ሊሆን ይችላል።

የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል ያስተያዩ። ለጃፓን ገበያ የተሠራ ባለ አንድ ሊትር ቪትዝ ቁጥሩ የሚጀምረው «ኤስ ሲ ፒ 10» በሚለው ነው፤ በሌሎች አገሮች የተለመደው ባለ 17 ፊደልና አኃዝ ቁጥር ስለሌለው ብቻ አይደንግጡ። ሊያስደነግጥዎ የሚገባው በቁጥሩ ዙሪያ የመፋቅ ወይም የብየዳ ምልክት ሲያዩ ነው።

ሞተሩን በተመለከተ፣ ሻጩ መኪናውን እርስዎ ሳይመጡ እንዳያስነሣው አስቀድመው ይንገሩትና ሲደርሱ መዳፍዎን ኮፈኑ ላይ ያድርጉ። ሞቆ ከቆየዎት ሌላ ቀን ይመለሱ፤ የደከመ ሞተር ጠባዩ የሚታወቀው በቀዝቃዛው ሲነሣ ነውና። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እንደሚቃጠል፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ነጭ ጭስ የራዲያተር ውኃ ወደ ሲሊንደሩ እንደሚገባ፣ ጥቁር ጭስ ደግሞ ቤንዚን እንደበዛ ያመለክታል። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ወተት የመሰለ ነገር ካዩ ጓርኒሲዮኑን (የሞተሩን ራስ ማሸጊያ) ይጠርጥሩ፤ ይሁንና አጭር መንገድ ብቻ በሚሄድ መኪና ላይ በእርጥበታማ ወራት ጥቂት እንዲህ ያለ ነገር ከጤዛ ብቻ ሊመጣ ስለሚችል በእሱ ብቻ አይፍረዱ። የታጠበ ሞተር ዘይት የሚያንጠባጥብበትን ቦታ ስለሚደብቅ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ነድተው ካቆሙ በኋላ ከሥሩ ካርቶን አንጥፈው ትንሽ ይጠብቁ። ይህን ሁሉ ካለፈ ያን ጊዜ መካኒክ ይዘው ይሂዱ፤ መካኒኩ ግን ደላላው ያመጣልዎ መሆን የለበትም።

ጥያቄ፣ ከሰጦ ሰመሮ፦ «ከአዲስ አበባ ስመለስ ከወልቂጤ ወዲህ የጊቤን ቁልቁለት እየወረድኩ ሳለሁ የፍሬን ፔዳሉ ለስልሶ እስከ ታች ገባ። በእጅ ፍሬንና በማርሽ ታግዬ አቆምኩት። ግማሽ ሰዓት ያህል ካረፍኩ በኋላ ፍሬኑ እንደ ድሮው ሆነ። ጋራዥ ስወስደው ‹ፓዱም ፓምፑም ደህና ነው፣ ምንም አላገኘንም› አሉኝ። መኪናዬ ኮሮላ ነው። እንዴት ነው የማምነው?»

መልስ፦ ጋራዡ ምንም ያላገኘው ችግሩ ሲቀዘቅዝ የሚጠፋ ዓይነት ስለሆነ ነው። በገለጹት ሁኔታ በመጀመሪያ የምንጠረጥረው የፍሬን ዘይቱን ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት የመምጠጥ ጠባይ አለው፤ እርጥበት በበዛባት ጅማ ደግሞ ይህ ይብሳል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ ውኃ ሲገባበት ግን ደረጃው የሚጠይቀው የመፍያ ነጥብ 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን እየረገጡ ሲወርዱ የሚፈጠረው ሙቀት በአዲሱና ውኃ በገባበት ዘይት የመፍያ ነጥቦች መካከል ሲደርስ፣ አዲስ ዘይት ምንም አይሆንም፤ እርጥበት የጠጣው ግን ይፈላና ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጥራል። ፈሳሽ አይታመቅም፣ እንፋሎት ይታመቃል፤ ስለዚህ እግርዎ የሚገፋው እንፋሎቱን እንጂ ፓዱን አይደለም። ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ስለሚሆን ፔዳሉ ይጠነክራል፤ መካኒኩም የሚያየው ደህና ፍሬን ነው።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ በአዲስ ይተካ፤ ከላይ ያለውን ማጠራቀሚያ ብቻ ባዶ አድርጎ መሙላት አይበቃም፣ ከአራቱም ጎማዎች የጠራ ዘይት እስኪወጣ ድረስ አየሩ ይውጣ። ጣሳው ፊትዎ ይከፈት፤ ለወራት ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የቆየ ዘይት እርጥበቱን ጠጥቶ ጨርሷል። የሞተር ወይም የመሪ ዘይት ጠብታ እንኳ እንዳይቀላቀልበት፤ ጎሚኒዎቹን አሳብጦ ጠቅላላውን የፍሬን ሥርዓት ያበላሻል። በየሁለት ዓመቱ መቀየር በብዙ አምራቾች የሚመከር ሲሆን፣ በጅማ ለሚኖርና የጊቤን መንገድ ለሚመላለስ ሰው ከዚያ ማሳለፍ አይገባም ብለን አጥብቀን እናምናለን። ዘይቱ ከተቀየረ በኋላም ፔዳሉ ከለሰለሰ ግን ፓምፑና ቱቦዎቹ እንደገና ይፈተሹ፤ እስከዚያው ድረስ ቁልቁለት አይውረዱ።

አወራረዱም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ቁልቁለቱን ሊወጡበት በሚችሉት ማርሽ ይውረዱት፤ ይኸውም ከመጀመሪያው ጠመዝማዛ በፊት ወደ ሦስተኛ ወይም ወደ ሁለተኛ ማርሽ መቀነስ ማለት ነው፣ ምክንያቱም ፍጥነት ከያዙ በኋላ ማርሽ መቀነስ አስቸጋሪ ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላቸውም «2» ወይም «ኤል» የተባለውን ይጠቀሙ። እግርን ፍሬኑ ላይ አሳርፎ እስከ ታች መውረድ ሙቀቱን ያለ ዕረፍት ይጨምራል፤ ጠንከር አድርጎ ረግጦ ፍጥነቱን መቀነስና መልቀቅ ግን ለፍሬኑ የመተንፈሻ ጊዜ ይሰጠዋል።

ብዙዎች ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ማርሹን ፎሌ (ከማንኛውም ማርሽ ውጭ) አድርገው፣ አንዳንዶች ከዚያም አልፈው ሞተሩን አጥፍተው ይወርዳሉ። ይህን ልማድ በሙሉ ልባችን እንቃወማለን። ነዳጅ በኢንጀክተር የሚረጭባቸው ሞተሮች ማርሽ ገብቶ ቤንዚኑ ሳይረገጥ ሲወርዱ ነዳጁን ራሳቸው ይቆርጣሉ፤ ፎሌ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣቱን ይቀጥላል፤ እናም ተቆጠበ የተባለው ነዳጅ የለም። ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ ለፍሬኑ ኃይል የሚሰጠው የአየር ስበት ከጥቂት ርግጫ በኋላ ያልቃል፣ ሰርቮ ያለው መሪም ይከብዳል። ጊቤ ድልድይ ሲደርሱ ፍሬኑ ቢሸትዎ መኪናውን አቁመው ይጠብቁ እንጂ በጋለው ዲስክ ላይ ውኃ አይድፉበት፤ ዲስኩ ይጣመማል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል።

ጥያቄ፣ ከጅረን፦ «ከሦስት ዓመት በፊት መኪናዬን ሸጥኩ። ገዢው የስም ማዛወሪያ ወጪ ለመቀነስ ብሎ ውክልና ብቻ ጠየቀኝ፤ የሠፈር ሰው ስለሆነ ሰጠሁት። እሱም ለሌላ ሸጦታል። አሁን የትራፊክ ቅጣት በስሜ እየመጣብኝ ነው፤ መኪናው ያለ ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ እንደሚነዳም ሰምቻለሁ። እኔን ምን ይመለከተኛል?»

መልስ፦ በሚያሳዝን ሁኔታ በጣም ይመለከትዎታል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ መኪናውን የነዳው ሰው ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ። ሊብሬው በስምዎ እስካለ ድረስ ጉዳት የደረሰበት ሰው በመጀመሪያ የሚፈልገው እርስዎን ነው። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ደግሞ ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ሳይኖረው በመንገድ ላይ እንዳይነዳ ይከለክላል፤ መኪናው እንደሰሙት ያለ ኢንሹራንስ የሚነዳ ከሆነ አደጋ ቢደርስ ካሣ የሚጠየቅ ኩባንያ አይኖርም ማለት ነው።

ገዢዎችም በዚህ ዓይነት ግዢ ተጠቃሚ አይደሉም። ውክልና የባለቤትነት ማስረጃ አይደለም፤ የሚሰጠው ሥልጣን ብቻ ነው። ወካዩ ሊሽረው ይችላል፤ በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በቀር ወካዩ ሲሞትም ውክልናው ይቋረጣል። ያን ጊዜ ሙሉ ዋጋ ከፍሎ መኪናውን የያዘው ሰው ከወራሾች ጋር መከራከር ይጀምራል። ለማዛወሪያ የሚከፈለውን ገንዘብ ለማትረፍ ሲባል ሁለት ቤተሰብ ፍርድ ቤት ሲመላለስ ማየት ያሳዝናል።

አሁን የሚያደርጉትን እንንገርዎ። የሽያጭ ውሉንና ገንዘቡን የተቀበሉበትን ማስረጃ ይፈልጉ፤ ከሌለ የተከፈለበትን የባንክ ሰነድ ያውጡ። ለመጀመሪያው ገዢ በተወሰነ ቀን ውስጥ ስሙን እንዲያዛውር በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ቅጂውን ያስቀሩ፤ ሠፈርተኛ ስለሆናችሁ በሽማግሌ መነጋገሩም መልካም ነው፣ ነገር ግን ሽምግልናው የጽሑፉን ቦታ አይተካም። ከዚያም የመኪናው ፋይል ወደሚገኝበት የትራንስፖርት ቢሮ ማስረጃዎን ይዘው ቀርበው ጉዳዩን ያመልክቱ። ውክልናውን ከመሻርዎ በፊት ግን ጠበቃ ያማክሩ፤ ዋጋውን ተቀብለው ውክልናውን በድንገት መሻር ሌላ ክስ ሊያስነሣብዎት ይችላል።

ጥያቄ፣ ከአጋሮ፦ «‹5 ኤል› የሚባል የናፍጣ ሞተር ያለው ሃይሉክስ አለኝ። በቡና ወቅት ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ ከዚያ ለወራት ይቆማል። ባለፈው ሊነሣ አልቻለም፤ አይጥም ሽቦውን በልታዋለች።»

መልስ፦ ከመቆሙ በፊት ዘይቱን ይቀይሩ፤ የቆሸሸ ዘይት በቆመ ሞተር ውስጥ ብረቱን ይጎዳል። ታንከሩን ይሙሉት፣ ባዶ ታንከር ውስጥ ጤዛ ስለሚጠራቀም ለናፍጣ ፓምፕ አደገኛ ነው። የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ይንቀሉ፤ በደንብ የተሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፣ 12 ላይ ከደረሰ ሳይሞላ ማቆየት ዕድሜውን ያሳጥራል። ለአይጥ ዋናው መድኃኒት ቡናም ሆነ እህል ከሚከማችበት ቤት አርቆ ማቆም ነው። በየሁለት ሳምንቱ ሞተሩን አስነሥቶ ባለበት ከማቆየት ይልቅ ጥቂት ኪሎ ሜትር መንዳት ይሻላል። አንድ ነገር ግን አይርሱ፦ የዚህ ሞተር የታይሚንግ ቺንጋ (የቫልቮቹን እንቅስቃሴ ከፒስተኑ ጋር የሚያቀናጀው ቀበቶ) በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበት፤ በሥራ ላይ ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫሉ፣ ወጪውም የአንድ ወቅት ትርፍ ይወስዳል። መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ ሰው ከሌለ እንዳልተቀየረ ቆጥረው ያስቀይሩት።

ጥያቄ፣ ከቦሳ ቂጦ፦ «ለዓመታት የያዝኩትን ኮሮላ ልሸጥ አስቤአለሁ። አንዳንዱ ሙሉ ቀለም አስቀባው ይለኛል፤ ሌላው በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ስለተከለከለ ዋጋው ይጨምራልና ጠብቅ ይለኛል። ሸጬ የኤሌክትሪክ መኪና ብገዛስ?»

መልስ፦ ዋጋ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል ብለን አንተነብይም። መኪናው የሚያስፈልግዎ ከሆነ ያቆዩት፤ ካላስፈለገዎት ቆሞ ሲዝግ ከሚያጡት በላይ በመጠበቅ የሚያገኙት መኖሩ ያጠራጥራል። ሙሉ ቀለም ግን አያስቀቡ። ለመጀመሪያው ጠያቂያችን ያልነውን አንብበው ከሆነ፣ ጠንቃቃ ገዢ በአዲስ ቀለም እንደማይደሰት ተረድተዋል። የተቀባ ፓራፋንጎ ካለ የት፣ መቼና ለምን እንደተቀባ ይንገሩት፤ የሚያውቁትን ጉድለት ደብቀው ቢሸጡ በሕግም ያስጠይቅዎታል። ለቀለም ያሰቡትን ገንዘብ ለፍሬን፣ ለአሞርዛተርና ለጎማ ያውሉት። ገዢ የጎማውን ጥርስ ብቻ ሳይሆን ዕድሜውንም ማየት እየለመደ ነው፤ በጎማው ጎን ላይ «2319» የሚል ካለ በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ዘይት የቀየሩባቸውንና ዕቃ የገዙባቸውን ደረሰኞች በቀን ቅደም ተከተል አዘጋጅተው ያቅርቡ፤ በዚህ ገበያ እንዲህ ያለ ሰነድ የያዘ ሻጭ ጥቂት ስለሆነ ዋጋ ሲነጋገሩ ያግዝዎታል።

የኤሌክትሪክ መኪናውን በተመለከተ፣ አጠቃቀምዎ ጅማ ከተማ ውስጥ ከሆነና በግቢዎ ቻርጅ የሚያደርጉበት አስተማማኝ መስመር ካለዎት ጥሩ ምርጫ ነው፤ በተለይ ፍሬኑና ዘይቱ የሚጠይቀው ወጪ ይቀልልዎታል። በየወሩ አዲስ አበባ የሚመላለሱ ከሆነ ግን ርቀቱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን፣ በመካከሉም ጊቤ ወርዶ ወልቂጤ መውጣት እንዳለ አስበው ይግዙ። በቻይናው የመለኪያ ዘዴ የተጻፈ የጉዞ ርቀት በእውነተኛ መንገድ ላይ ከሚገኘው ከፍ ያለ ነው፤ ዳገቱም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ ባትሪውን መልሶ ስለሚሞላ የተወሰነውን ይመልስልዎታል፣ ሁሉንም ግን አይመልስም። በመንገዱ ላይ የት ቻርጅ እንደሚያደርጉ ሳያረጋግጡ ኮሮላዎን አይልቀቁ።

ሲሸጡ የስም ዝውውሩ እስኪጠናቀቅ ድረስ አብረው ይሂዱ፤ ውክልና ብቻ ሰጥተው አይለያዩ። ቁልፉን በሚያስረክቡበት ጊዜም ቀኑን፣ ሰዓቱንና በዳሽቦርዱ ላይ የሚታየውን ኪሎ ሜትር ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት፤ ከዚያ ሰዓት በኋላ ለሚመጣ ቅጣት ማን እንደሚጠየቅ የሚለየው ያ ወረቀት ነው።